በ4 በ4 ክፍል ውስጥ አራት ሰው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ማርቆስ የምኖር መምህርት ነኝ። ከባለቤቴና ከ3 ዓመት ልጄ ጋር 4 በ4 የሆነች አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሊሾ ነው፤ በሩም መስኮቱም በፊት ለፊት በኩል ናቸው። ዘንድሮ ታናሽ እህቴ 9ኛ ክፍል ልትማር ከቢቸና ገጠር መጣችና አራት ሆንን። ሜትር ከሃምሳ አልጋ፣ ኤል ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና አራት ጀሪካን አለን። እህቴ ማታ ማታ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። አከራያችን ሚስማር እንዳንመታ አስጠንቅቀውናል። ሰፋ ያለ ቤት ለመከራየት አቅማችን አይፈቅድም። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥያቄሽን እንዳነበብሁ ባለ ካሬ ደብተር አውጥቼ ክፍልሽን ሳልሁ፤ የዘረዘርሽልኝን ዕቃም አንድ በአንድ አስቀመጥሁበት። ልካቸውን ስላልጻፍሽልኝ በ19 ዓመት የእንጨትና የብረት ሥራዬ በየቤቱ ስለካ የለመድሁትን ልክ ወሰድሁ። ክፍልሽ 16 ካሬ ነው። አልጋው 1.50 በ1.90 ስለሆነ 2.85 ካሬ ይይዛል። ኤል ሶፋውም ክንዱ ሲደመር ያው 2.85 ገደማ ነው። ቁም ሳጥኑ 0.96፣ ቡፌው 0.80፤ ጤፉ፣ ምጣዱ፣ የቡና ዕቃውና ጀሪካኑ ተደምረው 1.75 ገደማ። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት የሚጠርገው ቦታ ደግሞ 0.64 ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አይቆጥረውም። ሲደመር ወደ 10 ካሬ ይጠጋል። የሚተርፍሽ 6 ካሬ ነው፤ ማታ የእህትሽ ፍራሽ ሲዘረጋ 4 ካሬ ከምናምን ይሆናል። ልጅሽ የሚሮጥበት፣ አንቺ የምታበስይበት፣ እህትሽ የምታጠናበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ሁሉ እሱ ነው።

አልጋውና ሶፋው እኩል ቦታ መያዛቸውን ልብ በይልኝ። አልጋው ቀን ሙሉ ሥራ ፈቶ ይውላል፤ ሶፋው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ፈቶ ያድራል። እህትሽ መሬት ላይ የምትተኛው ሶፋው ባዶውን እያደረ ነው። የጨነቀሽ ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ስለሆነ እኔም ከዚሁ እጀምራለሁ።

የአያቴ ቤት ጎንቻ ነበር፤ ክብ፣ ሣር ክዳን። ስምንት ሰው ያድርበታል። ልጅ ሆኜ ያደግሁበትን ቤት አሁን በሙያ ዓይን ሳስታውሰው ጥበቡ ይገርመኛል። ቀን ሰው የሚቀመጥበት መደብ ማታ አጎዛ ይነጠፍበትና መኝታ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ኩላብ አለ፤ ጋቢው፣ ስልቻው፣ አገልግሉ እዚያ ይንጠለጠላል። ከራስ በላይ ቆጥ አለ፤ ከዓመት አንዴ የሚፈለግ ዕቃ ይሰቀልበታል። እህሉ በጎታ ነው፤ ጎታው ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለይ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። በዚያ ቤት አንድ ሥራ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ዕቃ አልነበረም። ወደ ከተማ ስንገባ መደቡን ትተን ሶፋ፣ ኩላቡን ትተን ቡፌ ገዛን፤ ቤቱ ግን ከአያቶቻችን ቤት ያነሰ ሆነ። አሁን የምነግርሽ ያንኑ የለመድነውን ቤት በጣውላና በብረት መልሰሽ እንድትሠሪው ነው።

በመጀመሪያ ሶፋውን ሽጪው። እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ምናልባት ዕቁብ ጥላችሁ የገዛችሁት ይሆናል። ነገር ግን በ16 ካሬ ውስጥ ኤል ሶፋ እያለ እኔም ሆንሁ ሌላ ባለሙያ የምንጨምርልሽ ቦታ የለም። በእሱ ምትክ መደብ ሳጥን አሠሪ። ልኩ ይህ ነው፦ ርዝመት 1.90፣ ወርድ 75 ሳንቲም፣ የሳጥኑ ቁመት ከነእግሩ 38 ሳንቲም፤ ከላዩ 10 ሳንቲም ስፖንጅ ሲሆንበትና ሰው ሲቀመጥበት ወደ 45 ይወርዳል፣ ይህም የወንበር ልክ ነው። የሚይዘው 1.43 ካሬ ነው፤ ከሶፋው በግማሽ ያነሰ። ቀን ሦስት ሰው ያስቀምጣል፣ ማታ እህትሽን ያስተኛል፤ የመሬቱ ፍራሽ ቀረ ማለት ነው። ሆዱ ደግሞ ሁለቱን ኩንታል ጤፍ ውጦ ለብርድ ልብስም ይተርፋል።

አሠራሩ ላይ አናጢው እንዳይቸኩልብሽ ቁሚበት። አጽሙ ከሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) ይሁን፣ ጎኑ ኮምፔንሳቶ ቢሆን ይበቃል። ቺፑድ፣ ማለትም ከተጫነ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራውን ጣውላ፣ አልመክርሽም፤ የማርቆስ ክረምት ርጥበት ሲገባው እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ብሎን አይዝም። እግሩ ከወለሉ 8 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል፤ አየር በሥሩ እንዲያልፍ፣ አንቺም መጥረጊያ እንድታስገቢ። ከኋላና ከጎን ጣት የሚያህል ቀዳዳ ይበሱለት፣ ቀዳዳው ላይ አይጥ እንዳይገባ የወንፊት ሽቦ ይምቱበት። ትልቁ ነገር ክዳኑ ነው። አናጢዎቻችን ክዳኑን አንድ ወጥ አድርገው ይሠሩታል፤ ያን ጊዜ አንድ ጣሳ ጤፍ ለማውጣት የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ማስነሣት፣ ስፖንጁንም ማንሣት ሊኖርብሽ ነው። ክዳኑ በሦስት ይከፈል፣ ስፖንጁም በዚያው ልክ በሦስት ይቆረጥ፣ እያንዳንዱ በራሱ ማጠፊያ ይነሣ። ጤፉ ከአንድ ዳር ጀምሮ ሁለቱን ክፍል ይያዝ። ልጅሽ 3 ዓመቱ ስለሆነ በክዳኑና በሳጥኑ ከንፈር መካከል ሁለት ሳንቲም ክፍተት እንዲተው ንገሪው፤ ክዳኑ ድንገት ቢወድቅ ትንሽ ጣት የሚተርፈው በዚያ ክፍተት ነው። ክዳኑ ሲነሣ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥም አጭር ጠፍር ከውስጥ ይታሰርለት።

ጤፍ ሳጥን ውስጥ አይበላሽም ወይ ትይኝ ይሆናል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጠላቱ ርጥበትና አይጥ ነው። በደንብ የደረቀ ከሆነና የእነዚያ ክፍሎች ወለልና ጎን በስስ ላሜራ ከተለበጠ ዓመቱን ይዘልቃል። ስንዴና በቆሎ ግን እዚያ አታስገቢ።

ወደ አልጋው ልሂድ። የአብዛኛው አልጋ ሆድ ከወለሉ 20 ሳንቲም ነው የሚርቀው፤ ጫማና አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ አይሠራም። እግሩን አስረዝመሽ 45 ብታደርሺው ከአልጋው ሥር ያለው ቦታ ከግማሽ ሜትር ኩብ ትንሽ ከፍ ያለው ወደ 1.28 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ከቁም ሳጥንሽ ግማሽ የሚበልጥ ዕቃ ቤት በነጻ አገኘሽ ማለት ነው። የብረት አልጋ ከሆነ በያጅ በቱቦላሬ (በብረት ቱቦ) ይቀጥልልሻል። የእንጨት ከሆነ አራት የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይቆረጥ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ሳንቲም ያህል ጉድጓድ ይቦርቦር፣ የአልጋው እግር እዚያ ውስጥ ይቁም። ጡብ ደርድረሽ አታስቀምጪው፤ ልጅ ባለበት ቤት ጡብ ላይ የቆመ አልጋ አንድ ቀን መንሸራተቱ አይቀርም። ከሥሩ ሁለት ጎማ ያላቸው ዝቅ ያሉ ሳጥኖች ይግቡ፤ በአንዱ የክረምትና የበጋ ልብስ እየተፈራረቀ፣ በሌላው ደግሞ ድስትና ሳፋ። ካርቶን ግን አይሆንም፤ ርጥበት ይስባል፣ አይጥም ቤት ትሠራበታለች።

የሚቀጥለው አንቺ ያልጠየቅሽኝ ነገር ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድም ልናገረው። አንቺና ባለቤትሽ ባልና ሚስት ናችሁ፤ እህትሽም ልጅ አይደለችም፣ 9ኛ ክፍል የደረሰች ናት። ልብሷን የምትቀይርበት፣ እናንተም በነጻነት የምትተኙበት መከለያ ያስፈልጋል። በጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው የሚጋጨው ብዙ ጊዜ ዕቃ በዝቶ ሳይሆን ዞር የሚባልበት ጥግ ጠፍቶ ነው። እዚህ ላይ የአያቴ ጎታ ይታወሰኝና ቁም ሳጥንሽን ከግድግዳው አላቅቂው እላለሁ።

እንዲህ አድርጊ። አልጋውን ወደ ኋለኛው ግራ ጥግ ውሰጂው፤ ራስጌው ከኋለኛው ግድግዳ፣ አንድ ጎኑ ከግራው ግድግዳ ይጠጋ። ግርጌው ላይ ቁም ሳጥኑን ጀርባውን ለአልጋው ሰጥተሽ አቁሚው። አልጋው ሜትር ከሃምሳ ነው፣ ቁም ሳጥኑም አብዛኛው ሜትር ከስድሳ ስለሆነ እንደተለካካ ይገጥማል። በሮቹ ወደ ፊተኛው ክፍል ይከፈታሉ፤ እህትሽ ልብሷን ለማውጣት ወደ እናንተ መግባት አያስፈልጋትም። ከቁም ሳጥኑ ጠርዝ እስከ ኋለኛው ግድግዳ መጋረጃ ይዘርጋ። የቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥሬ እንጨት ሆኖ እንዳያስጠላሽ በእናንተ በኩል ኩላብ ይደርደርበት፤ ጋቢና ነጠላ ይሰቀልበታል። እዚያ ሚስማር ብትመቺ ከልካይ የለብሽም፤ ሳጥኑ የራስሽ ነው። ግን ከግድግዳ የራቀ ቁም ሳጥን ብቻውን አይቁም፤ ልጅ በሩን ከፍቶ ሲንጠላጠል ይገለበጣል። ከአልጋው ግርጌ ጋር ከላይም ከታችም በብሎን እሰሪው።

መደብ ሳጥኑ በቀኙ ግድግዳ በኩል፣ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ይቀመጥ። በመጋረጃውና በመደቡ መካከል 1.60 ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ባዶ መሬት ከፊት እስከ ኋላ ይቀርልሻል። ልጅሽ ይሮጥበት፣ ረከቦቱ ይዘርጋበት። የእህትሽ ማጥኛ ከመደቡ ጫፍ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ 45 በ70 ጣውላ ቢሆን ይበቃል፤ ስታጠና ተነሥቶ በአንድ እግር ይቆማል፣ ስትጨርስ ወደ ጎን ይወርዳል። የመስኮት ብርሃን ከግራዋ ቢመጣላት ደግ ነው፤ በቀኝ እጇ ስትጽፍ ጥላው ደብተሯ ላይ አይወድቅም።

ቡፌውን በተመለከተ ምላሼ አጭር ነው። ብርጭቆና ሲኒው በዓመት ስንት ቀን ይወጣል? ከገጠር ዘመድ ሲመጣ የሚፈልገው ከእናንተ ጋር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቡፌውን በሶፋው ገንዘብ ላይ ደምረሽ መደቡን አሠሪበት። ለእንግዳ አራት በርጩማ ይበቃሻል፤ ተደራርበው አልጋ ሥር ይገባሉ።

አሁን ወደ ሚስማሩ። አከራይሽ የከለከሉት በክፋት አይደለም። የጭቃ ግድግዳ ላይ በዘፈቀደ የተመታ ሚስማር ምርጊቱን ይሰነጥቀዋል፣ አይዝምም፤ ፊሸርም (ብሎን የሚገባበት የላስቲክ መያዣ) አይሠራበትም። የሚይዘው ከውስጥ ያለው የባሕር ዛፍ ቋሚ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ከግድግዳው ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር አስቢ። እንጅባራ መንገድ ዳር የሚሸጠውን የቀርከሃ መደርደሪያ አይተሽው ታውቂያለሽ? ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ይገባል፣ ቤት ስትቀይሪም ጋሪ ላይ ይጫናል። ወርዱ ከ30 ሳንቲም የማይበልጥ፣ ቁመቱ ግን እስከ 2 ሜትር የሚደርስ አሠሪ፤ ዕቃ በቁመት ይከማች እንጂ ወለል አይውረር። ለወጥ ቤትሽ ጥግ ከበሩ በግራ በኩል ይቁም፣ የታችኛው ርከን ጀሪካኖቹን፣ የላይኞቹ ቅመማ ቅመሙንና ሰሃኑን ይያዙ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ከባዱ ከታች ሲሆን መደርደሪያው አይወድቅም።

ለመጋረጃው ሽቦና ከበሩ በላይ ለሚሆን መደርደሪያ ግን አራት ብሎን ያስፈልጉሻል። ለዚህ አከራይሽን አስፈቅጂ፤ አጠያየቁ ነው የሚወስነው። «ሚስማር ልምታ» አትበያቸው። «ቋሚው ያለበትን ፈልጌ፣ አንድ ጣውላ አጋድሜ በአራት ብሎን ላሳስር፤ ጣውላውን ስወጣ ለቤቱ ትቼው እሄዳለሁ፣ የተሰነጠቀ ካለ አስመርጋለሁ» በያቸው። ቤታቸውን የምትጠብቂላቸው መሆንሽን ሲያዩ እምቢ የሚሉ ጥቂቶች ናቸው። ቋሚውን ለማግኘት ግድግዳውን በጣትሽ አንኳኪ፤ ጭቃው ብቻ ያለበት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ እንጨቱ ያለበት ደረቅ ድምፅ አለው። ከተስማማችሁ በውሉ ላይ አንድ መስመር ጻፉት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ አፈጻጸሙ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ያንቺን ጉዳይ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ጠይቂ። ሁለት ዓመት መቆየትሽ ከታወቀ መደብና መደርደሪያ ማሠራቱ ያዋጣል። እንዲያም ሆኖ ተከራይ ሁሉ አንድ ልክ ይኑረው፦ ሲወጣ ይዞት የማይሄደውን ነገር በብዙ ገንዘብ አይሥራ።

ከበሩ በላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ቆጥሽ ነው። ጣውላው ከታሰረ በኋላ 40 ሳንቲም ወርድ ያለው መደርደሪያ ይቀመጥበት፤ የበዓል ቀሚስ ያለበት ሻንጣ፣ ትልቁ መሶብ፣ ትርፍ ብርድ ልብስ እዚያ ይውጣ። በየቀኑ የምትፈልጊውን ግን አትስቀይው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ልጅ ታቅፋ ወንበር ላይ ለምትንጠራራ እናት ነው እስኪመስለኝ ድረስ ብዙ አይቻለሁ።

ቆጥ ላይ መተኛትስ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። በ2003 ዓ.ም. እዚያው ማርቆስ ለአንድ ወጣት እንደ አንቺ ባለ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የመኝታ ቆጥ ሠርቼለት ነበር። ሥራው ያምር ነበር፣ ከሥሩ ጠረጴዛ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ጠራኝና ሄድሁ፤ ብርድ ልብሱ እርጥብ ነው። ዝናብ አልገባም። ሌሊት የሚተነፍሰው ሞቃት አየር የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ላብ ይሆንና ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። ቀን ደግሞ ቆርቆሮው ይግልና እዚያ መቀመጥ አይቻልም። አፍርሼ ገንዘቡን መለስሁለት። ከዚያ ወዲህ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የመኝታ ቆጥ አልሠራም። ቁመቱም አይፈቅድም፤ ሰው ከላይ ተቀምጦ ራሱን እንዳይመታ ከፍራሹ በላይ 90 ሳንቲም፣ ከሥሩ ቆሞ ለመሄድ 1.90 ያስፈልጋል፤ የፍራሹና የጣውላው ውፍረት ሲጨመር 3 ሜትር ያልፋል። ሰርቪስ ቤት ግን በዝቅተኛው በኩል አብዛኛውን ጊዜ 2.40 ገደማ ነው።

ያ ላብ ያንቺንም ቤት አይምረውም። አራት ሰው የሚተነፍስባት፣ ድስት የሚፈላባት 16 ካሬ ክፍል፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የማርቆስ ብርድ ውስጥ ሌሊቱን ተዘግታ ስታድር ግድግዳው ሁሉ ይረጥባል። ኮርኒስ ከሌለሽ አቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተሽ ከማገሩ ላይ አስወጥሪ፤ በቆርቆሮውና በጨርቁ መካከል ያለው አየር ብርዱንም ሙቀቱንም ያበርዳል። አልጋውም መደቡም ከግድግዳው አምስት ሳንቲም ይራቅ። በጠዋት በሩንም መስኮቱንም ለሩብ ሰዓት ወለል አድርገሽ ክፈቺ፤ ብርድ ቢሆንም ክፈቺ። ግድግዳውን ኖራ ቀቢው፤ ርጥበት የሚያመጣውን ሻጋታ ያዘገየዋል፣ ነጭነቱም ከአንዲት መስኮት የሚገባውን ብርሃን ወደ ጓዳው ድረስ ያደርሰዋል። መስተዋት ካለሽ ከመስኮቱ ትይዩ ይሁን።

(ባሕር ዳር ሆነው ይህን የሚያነቡ አሉ። እዚያ ችግሩ ሙቀትና ትንኝ ነው። አልጋ ሲቀጠል አጎበሩም በዚያው ልክ ከፍ ብሎ እንዲሰቀልና ጠርዙ ከፍራሹ ሥር እንዲገባ አስቡ፤ በርሜልና ባልዲ ክዳን አይለየው። ለመከለያ ደግሞ የጣና ደንገል አለላችሁ፤ አየር ያሳልፋል፣ ከመጋረጃ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው።)

እህቴ፣ አሁን የምነግርሽን ከሁሉ በላይ አስበሽ ስሚኝ። ከሰል። ከፋግታ ለኮማና ከአካባቢው የሚመጣው ከሰል በየቤታችን ገብቷል፤ በክረምት ምድጃውን አስገብቶ ቤት ማሞቅ የተለመደ ነው። «ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ምንም አይል» ይባላል። ውሸት ነው። የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ያወጣል። ሰፊ ቤትም ቢሆን አያስተማምንም፤ እንዳንቺ ያለ ክፍል ግን በተዘጋ በር ቶሎ ይሞላበታል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ በዚያው ያልፋል። ዕቃ ልለካ የሄድሁበት ቤት ጎረቤት ባልና ሚስት በጠዋት በር ተሰብሮ ራሳቸውን ስተው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ። ቡናሽን በረንዳ ላይ አፍዪ፤ ዝናብ ከሆነም በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ይሁን፣ ሲያልቅ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ከሰል ባለበት ቤት በር ዘግቶ መተኛት የለም፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። አንድ ሰው ራሴን አዞረኝ ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ምጣዱም የራሱ ጣጣ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። በሰርቪስ ቤት የሚጎተተው ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን አይችልም፤ ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጣሪያሽ ደግሞ ማዳበሪያና እንጨት ነው። አከራይሽን አስፈቅደሽ ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው በ4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው መስመርና ብሬከር ያውጣለት። ግቢው ውስጥ የጋራ ማዕድ ቤት ካለ ደግሞ ከተከራዮቹ ጋር ቀን ተካፍላችሁ እዚያ ጋግሩ። ምጣዱ ሲበርድ በጎኑ አቁመሽ ከቀርከሃው መደርደሪያ ጎን ወደ ግድግዳው አስጠጊው፤ ተጋድሞ የሚይዘውን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይዝም።

የራሳችሁ ቤት ወይም በማኅበር የደረሳችሁ ቦታ ላላችሁ አንባቢዎች የምለው ጥቂት ነው። ስትሠሩ አንዲት ክፍል ብቻ ብትሆንም ግድግዳውን እስከ 3.20 አውጡት፤ የጣሪያው ቆርቆሮና እንጨት ወጪ አይጨምርም፣ ቆጥ ግን ይወልዳል። በሩ ከመሐል ይልቅ ወደ አንድ ጥግ 60 ሳንቲም ተጠግቶ ይሁን፤ መሐል ላይ ያለ በር አንዱን ክፍል ሁለት ቁራጭ ያደርገዋል። ብሎኬት እየተደረደረ እያለ ለመደርደሪያ የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ በግድግዳው ውስጥ አስቀሩ። ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ያላችሁ ደግሞ ሁሉንም ማድረግ ትችላላችሁ፣ ኮሎንና ቢም (ሕንፃውን የሚሸከሙትን ምሰሶና አግዳሚ) ግን አትንኩ፤ ያ የጋራ ነው፣ ላያችሁ ላይ ሰው አለ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሁሉን ባንድ ወር አትሥሪው። መጀመሪያ አልጋውን ቀጥዪ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀምረሽ ከሰዓት ይጨርሱልሻል። ወዲያው ቁም ሳጥኑን አዙሪና መጋረጃውን ስቀዪ። ሶፋው ሲሸጥ መደቡ ይሠራ። አናጢውን ከማዘዝሽ በፊት ግን የበሩን ወርድና ከበሩ ፊት ያለውን የበረንዳ ስፋት ለኪ። 1.90 የሆነ ሳጥን በ80 ሳንቲም በር ቀጥ ብሎ ይገባል፤ በረንዳው ጠባብ ሆኖ ማዞር ካስፈለገ ግን አይገባም። ያን ጊዜ ሳጥኑ በሁለት ተሠርቶ ቤት ውስጥ በአራት ብሎን ይጋጠም። ሁለቱን ልክ ከላክሽልኝ ለአናጢው የምትሰጪውን ሥዕል ሠርቼ እልክልሻለሁ።